ዛሬ አልመጣም

ሴፕቴምበር 23፣ ሰኞ

የዘመቻችንን የኢንተርኔት ገጽ ዛሬ ከፈትነው። ስሙን ያወጣችው ጓደኛዬ ሚንሺው ናት። እኔ «የተማሪዎች የአእምሮ ጤና ፈቃድ ጠያቂ ኮሚቴ» የሚል አዘጋጅቼ ነበር። አንብባ ስትጨርስ፣ «ይሄማ ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው» አለችና ሰርዛው «ዛሬ አልመጣም» ብላ ጻፈች። አለቀ።

የምንፈልገው ቀላል ነገር ነው። ጉንፋን የያዘው ተማሪ ሐኪም ጋ ሄዶ ወረቀት ያመጣል፣ ፈቃድ ያገኛል። ልቡ ዝሎ ከአልጋው መነሣት ያቃተው ተማሪስ ምን ያምጣ? ዶርም ውስጥ ከጎኔ ያለው ክፍል የምትኖረው ልጅ ባለፈው የትምህርት ወቅት የወደቀችው በፈተና አይደለም፤ ከክፍል በመቅረት ነው። ግድግዳው ስስ ነው። ለምን እንደምትቀር እሰማ ነበር።

በየትምህርት ወቅቱ ሦስት ቀን ፈቃድ፣ ያለ ሐኪም ወረቀት። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች አጽድቀውታል። ጂያዪ ከተማ ያለው የእኛው ገና ያስባል።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ነገሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ለመመዝገብ ነው። ስለ ራሴ ለመጻፍ አይደለም።

ሴፕቴምበር 27፣ ዓርብ

ተከታዮቻችን አንድ ክፍል አይሞሉም። ግማሾቹ የሚንሺው ጓደኞች ናቸው።

ከአስተያየቶቹ አንዱ፦ «እንጆሪዎቹ ደግሞ ፈቃድ አማራቸው።» ትልልቆቹ እንጆሪ ትውልድ ይሉናል፤ ገና ሲነኩን እንፈርጣለን ለማለት ነው። ይህን የጻፈው ግን ትልቅ ሰው አይደለም። ፎቶው ላይ የዩኒቨርሲቲያችንን የቅርጫት ኳስ መለያ ለብሷል።

ሚንሺው መለሰችለት፦ «እንጆሪ የሚያፈራው በብርድ ወር መሆኑን የነገረህ የለም?»

ኦክቶበር 3፣ ሐሙስ

አውሎ ነፋስ ይመጣል ተብሎ ከተማው በሙሉ ተዘጋ። ትምህርት የለም፣ ሥራ የለም። ትናንት አዋጁ ሲነገር ዶርሙ በጩኸት ተናወጠ፤ ሁሉም በፈላ ውሃ የሚደርስ ኑድሉን ሸምቶ ተከተተ። ዛሬ እስከ ቀትር ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። እንዲያውም ፀሐይ ወጣች። ሰው ሲኒማ ሄደ።

መስኮቱ ሥር ቆሜ ሳለ መጣልኝና ጻፍኩ፦ «ነፋስ ይመጣ ይሆናል ተብሎ ከተማው ዐረፈ። ነፋሱን የሐኪም ወረቀት የጠየቀው የለም። የእኔ አውሎ ነፋስ ግን ማስረጃ ይዘሽ ነይ ይባላል።»

ለጠፍኩት። ልብስ አጥቤ ስመለስ ስልኬ ግሎ አገኘሁት። ከሰሜን ታይፔ እስከ ደቡብ ፒንግዶንግ እየተቀባበሉት ነው። ልጆች የየራሳቸውን ከሥር ይጽፋሉ። «የእኔ አውሎ ነፋስ የሚነሣው የእናቴ መኪና በር ሲዘጋ ነው» ትላለች አንዷ። እያንዳንዷ ሥር «ዛሬ ምን በላሽ?» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ የምለው አላገኘሁም። እነሱ ግን ወደዱት።

ሚንሺው ደውላ ጮኸችብኝ። ደስታ ነው።

ኦክቶበር 6፣ እሑድ፣ ፑዚ

ቤት ነኝ። እሑድ የእማ ቁርስ ቤት ውስጥ ቁጭ ማለት የለም። እሷ የእንቁላል ቂጣ ትጠቀልላለች፣ እኔ የአኩሪ አተር ወተት እቀዳለሁ።

አጎቴ የምንለው ጎረቤታችን፣ ብስክሌት ጠጋኙ ሆንግ፣ እንደ ልማዱ በሩ ጋ ሆኖ ጮኸ። «ትልቋ ልጅሽስ? አሁንም ዕረፍት ላይ ናት? ታይፔ እንዲህ ረጅም ዕረፍት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ካለ እኔንም አስቀጥሪኝ እንጂ!»

እማ እንቁላሉን ገለበጠች። «ደክሟት ነው።»

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ሩይሊን፣ ከታይፔ ሻንጣዋን ይዛ የመጣችው የዘመድ መቃብር በሚጠረግበት በዓል ሰሞን፣ በኤፕሪል ነው። ደክሟት ነው።

ቁርሷን ፎቅ አውጥቼ ደጃፏ ላይ አስቀመጥኩ። ላንኳኳ እጄን አነሣሁ። ተኝታ ይሆናል። ያን ጊዜ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ አንዲት ልጅ ከሁዋልየን ጽፋለች፣ እያለቀሰች ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ መለስኩላት። ከሷ ቀጥላ ሌላዋ ጻፈች። ስነሣ ሳህኑ እንዳለ ነው፣ ወተቱ ስልባቦት ይዟል።

ኦክቶበር 11፣ ዓርብ

በውስጥ መስመር የሚጽፉልን በዙ። ማለዳ ስነቃ የምሳ ሰዓት ወረፋ መስለው ይጠብቁኛል። አብዛኞቹ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው። ስማቸውን ደብቀው ነው የሚጽፉት፦ «ግማሽ ጨረቃ»፣ «የታጠበ ካልሲ»፣ «ትንሿ ዝናብ»።

ሚንሺው ምግብ አዳራሽ ውስጥ ያዘችኝ።

«ስሚ፣ አንድ ዓይነት መልስ እናዘጋጅ። ‹ስለጻፍሽልን እናመሰግናለን፣ የምክር ማእከሉ ስልክ ይሄ ነው፣ ሌሊት ከሆነ ደግሞ በዚህ ደውዪ።› በቃ።»

«ለምታለቅስ ልጅ ስልክ ቁጥር ትሰጫለሽ?»

«አዎ። ስልኩን የሚያነሣው ሰው ተምሮበታል። አንቺ የተማርሽው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ነው።»

«መስማት ትምህርት አይፈልግም።»

«መስማትማ አይፈልግም። ከሰማሽ በኋላ ነው የሚፈልገው።»

አኩርፌ የቱርክ ዶሮ ሩዜን ትቼ ተነሣሁ። ዞር ስል እየበላችልኝ ነው።

እሷ አይገባትም። ትንሿ ዝናብ በየማለዳው ትጽፍልኛለች። የእኛው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት። ዶርም ውስጥ የደበቀቻት አንድ ዓይና ድመት አለቻት። ስትነቃ ደረቷ ላይ የሩዝ ጆንያ የተጫነባት ይመስላታል። «አንቺ ስትመልሺልኝ ይቀለኛል» አለችኝ። ይህን እያወቅሁ ስልክ ቁጥር ልስጣት?

ኦክቶበር 15

ስታቲስቲክስ አልገባሁም። ትንሿ ዝናብ መጥፎ ማለዳ ነበራት። ነገ እገባለሁ።

ኦክቶበር 17

አልገባሁም። ነገ።

ኦክቶበር 23፣ ረቡዕ

የተማሪዎች ዲን ጠሩን። ዲን ፐንግን ክፉ ሰው አድርጌ ነበር የተዘጋጀሁት፤ ሻይ ሲቀዱልን ተናደድኩ።

«ያን የነፋሱን ጽሑፍ የጻፈው ማን ነው?»

ሚንሺው በአገጯ ጠቆመችኝ።

«ጥሩ ነው። ልጄ ልካልኝ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን አኩርፋኛለች።»

«ታዲያ ለምን አይፈቅዱም?» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

ጽዋቸውን አስቀመጡ። «ወረቀት የምጠይቀው ውሸታም ናችሁ ብዬ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ክፍል መቅረት ጀመረ። ጓደኞቹ ፈቃድ ወስዶ ነው አሉ። አስተማሪዎቹም እንደዚያው። ጊዜው እስኪያልፍ በሩን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ፣ የቀረን ልጅ አንድ ሰው፣ ሌላ ቢጠፋ ሐኪም እንኳ፣ በዓይኑ ያየው መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

በወረቀት ላይ በቂ ፊርማ ካመጣን ዲሴምበር 18 ለጉባኤው እንደሚያቀርቡት ቃል ገቡ።

ስንወጣ፣ «ሽማግሌው በኀዘን ሊገዛን ነው» አልኳት ሚንሺውን። እሷ ግን፣ «ፔይጀን፣ ሰውየው እኮ እውነታቸውን ነው» አለች።

ብርዱ ሳይገባ ፊርማው ይሞላል። ይሞላል!

ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ

የስታቲስቲክስ አስተማሪዬ ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። «ስምሽን እያየሁ ፊትሽን ረሳሁት። ከዚህ በኋላ ከቀረሽ ልረዳሽ አልችልም።» ለገጹ ስል መሆኑን ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ለፈቃድ ብዬ ያለፈቃድ ቀረሁ ልበላቸው? አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች እኔ መኖሬን ሳያውቁ ሲያወሩ ሰማሁ። «የዛሬ አልመጣሟ ልጅ እኮ እውነትም አትመጣም።» ሳቅ። «ሰውን ሁሉ ‹ምን በላሽ› ትላለች፣ እሷን ብታዪያት አጥንት።» ውሃው እስኪዘጋ ሽንት ቤት ውስጥ ቆየሁ።

የሻወሩ ማፍሰሻ በፀጉሬ ተደፈነ። የአየሩ ነው። በዚህ ወቅት የሁሉም ሰው ይረግፋል።

ኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ

ትንሿ ዝናብ ማለዳ ላይ፦ «ነገ ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር። አትደንግጪ፣ እንዲሁ ነው።»

ወዲያው መለስኩላት። አላነበበችውም።

ኖቬምበር 13

አላነበበችም። አሥር ጊዜ ጻፍኩ። የምበላው አልወርድ አለኝ። ሚንሺው፣ «ለምክር ማእከሉ ንገሪያቸው፣ እነሱ ያገኟታል» አለች። ስሟን ሳላውቅ ምን ልበላቸው? በዚያ ላይ፣ እነሱ ምን ያውቋታል?

ኖቬምበር 14፣ ሐሙስ

ለጠፍኩት። ለሚንሺው አልነገርኳትም፤ ትከለክለኝ ነበር። የመልእክቶቿን ፎቶ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ መሆኗን፣ አንድ ዓይና ድመቷን። «ያያችኋት ካላችሁ እባካችሁ።» እንዳያስደነግጥ ብዬ አበባ ባለው የገጻችን ሮዝ ቀለም ላይ አድርጌዋለሁ።

ሰው እየተቀባበለው ነው። ትገኛለች። መገኘት አለባት።

ኖቬምበር 15፣ ዓርብ

ተገኘች።

የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ነበርን። ጥቁር ጃኬት የለበሰች አጭር ልጅ በሩ ላይ ቆማ፣ «ፔይጀን ማናት?» አለች። ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም፤ ግን ዐወቅኋት።

«ደህና ነሽ?» አልኳት።

«ነበርኩ። እስከ ትናንት።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠፊ…»

«ስልክሽን መሳቢያ ውስጥ ክተቺው ያለችኝ አማካሪዬ ናት። ሁለት ቀን ብቻ። አማካሪ እንዳለኝ አልነገርኩሽም፣ ይከፋሻል ብዬ ፈርቼ። ‹ስልክሽ ላይ ምንድን ነው የሚከብድሽ?› ስትለኝ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? ‹አንዲት ልጅ አለች፣ በየማለዳው ካልጻፍኩላት ትጨነቃለች› አልኳት።»

አፈር የሚነፉት ልጆች ወንፊታቸውን አቆሙ።

«ክፍሌ በሙሉ ድመቷን ያውቃታል። ትናንት አባቴ ደወለ። አባቴ ምንም አያውቅም ነበር! የዶርሙ ጠባቂ ድመቷን ወሰዳት። ደግሞ መልእክቴን ሮዝ አድርገሽ፣ ዳር ዳሩን አበባ!»

«ላድንሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። የሚያናድደኝም እሱ ነው።»

ስሟ ፋንግ ጂን ነው። ስሟን የነገረኝ፣ ከሄደች በኋላ፣ ከልጆቹ አንዱ ነው።

ኖቬምበር 17፣ እሑድ

ከገጹ አነሣሁት፤ ግን አንዴ የወጣ ነገር ድሮም አይመለስም። ሌላው ቀድቶ ይዞታል። በኦክቶበር «እህቴ» ያሉኝ ልጆች ዛሬ «ዝና ፈላጊ» ይሉኛል። አንዷ፣ «በሰው ሕመም ተከታይ የምትለቅም» ብላለች። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ሚንሺው መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «የገጹን የይለፍ ቃል ስጪኝ።»

«ቅጣት ነው?»

«ብቀጣሽማ ገጹን ላንቺ ትቼው እሄድ ነበር።»

ዲን ፐንግ ለእሷ ደውለዋል። ስብሰባው አልተሰረዘም። ግን ስለ ልጅቷ እንደምንጠየቅ ተናግረዋል።

ኖቬምበር 18

ስልኬ ዝም አለ። እጄ ግን ኪሴን ይዳብሳል።

ኖቬምበር 20፣ ረቡዕ

እማ መጣች። ረቡዕ ቀን ቁርስ ቤቷን ዘግታ! አውሎ ነፋስ እንኳ በሯን አያዘጋትም። ሚንሺው ናት የደወለችላት፤ ይህቺ ከሃዲ።

አልጋዬ ዳር ተቀምጣ አየችኝ። «ፀጉርሽ ምን ሆነ?»

«የአየሩ ነው።»

«ከፑዚ እስከዚህ በአውቶቡስ ስንት ነው? የእኔ ፀጉር ይኸው አለ።»

የሹራቤን ኮፍያ ደፋሁ።

«ያገር ሰው ላንቺ ይጽፋል አለችኝ ጓደኛሽ። አንቺስ ለማን ነው የምትጽፊው?»

«ለማንም።» ይሄ ደብተር ትራሴ ሥር ነበር።

«እኔ የተማርኩ አይደለሁም። ግን ቤቴ ውስጥ ሁለት ልጅ አለኝ፤ አንዷ ከክፍል አትወጣም፣ አንዷ ከስልክ አትወጣም። እኔ መሃል ቆሜ እንቁላል እገለብጣለሁ።» ከዚያ ተነሥታ ልብሶቼን ታጥፍ ጀመር። «ተነሺ። ቤት ነው የምንሄደው።»

ኖቬምበር 22፣ ዓርብ፣ ፑዚ

ሁለት ቀን ተኛሁ። ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ እማ ቁርስ ቤቱን ዘግታ ወለል ስታጥብ፣ ፎቅ ወጣሁ። በእጄ ሳህን አልነበረም። አንኳኳሁ።

«ግቢ። አልተቆለፈም። ተቆልፎም አያውቅ።»

እትዬ ሩይሊን መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ረዝሟል። ስልኳ ላይ የእኛ ገጽ ተከፍቷል።

«ሁሉንም አንብቤዋለሁ» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ‹ዛሬ ምን በላሽ?› ትያቸዋለሽ። አንድ ቀን በሌላ ስም ልጽፍልሽ ጀምሬ ነበር። አንቺ ታች ኩባያ ስታጥቢ ይሰማኝ ነበር። አፈርኩና ተውኩት።»

«ተኝተሽ ይመስለኝ ነበር።»

«በየሳምንቱ? በጠራራ ፀሐይ?»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔን?»

«የምልሽ ባጣስ ብዬ።»

«ለእነዚያ ሁሉ የምትያቸውን ታውቂ ነበር?»

«የት ዐውቄ!»

ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት። ሳቋን ረስቼው ኖሯል፤ እንደ አባባ በአፍንጫዋ ነው የምትስቀው። ከዚያ ስለ ታይፔ ነገረችኝ። አለቃዋ በየስብሰባው ሲያዋርዳት በመጨረሻ ማለዳ ማለዳ ሊፍት ውስጥ ገብታ ከፎቅ ፎቅ መመላለስ ብቻ ሆነ ሥራዋ፤ በሩ ሲከፈት እግሯ እምቢ ይላታል። አልመከርኳትም። «ራስሽን ውደጂ» አላልኳትም። ያን ሁሉ ቃል ገጹ ላይ ጨርሼዋለሁ።

«ዛሬ ምን በላሽ?» አልኳት።

«ምንም።»

ወርደን እኔ ጠበስኩ። እማ ቂጣው ማረሩን እያየች አንድም ቃል አልተነፈሰችም። በላነው።

ኖቬምበር 29፣ ዓርብ

ተመልሻለሁ። አልሸሽም።

ፋንግ ጂንን የእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቅኳት። ይቅርታ የምልበትን በአእምሮዬ አሳምሬ ነበር፤ ስታየኝ ሁሉም ጠፋኝ። «ያንቺን ነገር አንቺን ሳልጠይቅ አወጣሁት። በድዬሻለሁ» አልኳት።

«ይቅርታሽን ገጹ ላይ እንዳትለጥፊው። አበባ ታደርጊበታለሽ።»

«አልለጥፍም። ገጹም እኔ ጋ የለም።»

«ይቅር አላልኩሽም።»

«እሺ።»

ልትሄድ ነበር፤ ቆመች። «ፈቃዱ ግን ይጽደቅ። በዚህ ወር ሦስት ቀን ቀረሁ። ሐኪሙ ቀጠሮ የሰጠኝ ለጃንዋሪ ነው። በኖቬምበር እንደታመምኩ የሚመሰክር ወረቀት በጃንዋሪ ላመጣ ነው። የሚፈረመው የታለ?»

ሰጠኋት። ፈረመች። እስክሪብቶውን ስትመልስልኝ ፊቴን አላየችኝም። «ድመቷ አጎቴ ቤት ናት» አለች፣ ለግድግዳው የምትናገር መስላ።

ዲሴምበር 6፣ ዓርብ

በእግር ነው የምንዞረው። ሚንሺው ዋናው በር፣ እኔ የዶርሞቹ መግቢያ። ብርዱ ይቆነጥጣል። ስልክ ላይ የልብ ምልክት ያደረጉልን ሁሉ እስክሪብቶ ሲያዩ ይቸኩላሉ። አንዷ «አንቺ ነሽ አይደል ያቺ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። ሳትፈርም ሄደች። ቀጣዩን ጠየቅሁ።

ጥያቄያችንንም አሻሻልነው። ፈቃድ የወሰደ ተማሪ በማግስቱ ከምክር ማእከሉ ይደወልለታል፤ ማስረጃ ለመጠየቅ ሳይሆን እንዴት ነህ ለማለት። ሐሳቡ የዲኑ ነው ማለት ይቻላል። በኦክቶበር ሰምቼው ቢሆን ኖሮ! ገጹም ከእንግዲህ የማንንም ታሪክ አይለጥፍም፤ ለሚጽፉም ሚንሺው ያዘጋጀችው መልስ ይላካል። ዛሬ አነበብኩት። ደረቅ አይደለም። እንዲያውም ሲያነቡት ያረጋጋል።

የፊርማ ወረቀት ለመለጠፍ ምክር ማእከሉ ገባሁ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ሴት፣ «በምን ልርዳሽ?» አለችኝ። ለዘመቻው ሥራ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ።

«እንቅልፍ የለኝም» አልኳት። «ከሴፕቴምበር ጀምሮ።»

ቀጠሮዬ ከጃንዋሪው አዲስ ዓመት በኋላ ነው። ወረፋው ረጅም ነው። ለዚህም አንድ ቀን መታገል ሊኖርብን ነው።

ዲሴምበር 18፣ ረቡዕ

ሚንሺው አቀረበችው። ግሩም አድርጋ። ከዚያ አንድ የምሕንድስና ፕሮፌሰር እጃቸውን አወጡ።

«ይህ ገጽ የአንዲት ታማሚ ተማሪን ምስጢር አደባባይ ያወጣ ነው። ስለ አእምሮ ጤና ሊያስተምሩን የቆሙት እነዚህ ናቸው?»

ሚንሺው ልትመልስ ተነሣች። እጇን ያዝኩ።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» አልኩ። ጠረጴዛውን ተደገፍኩ። «እሷ አይደለችም፣ ገጹም አይደለም። ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ሌሊት አልተኛሁም ነበር። ክፍል መግባት ካቆምኩም ቆይቼ ነበር። ታምሜ ነበር፤ ለራሴም አልነገርኩም። ሐኪም ጋ አልሄድኩም፣ ምክንያቱም ታምሜያለሁ ብዬ አላመንኩም። ወረቀት የሚያመጣው እኮ መታመሙን ያወቀ ሰው ነው። ያላወቀው አንድ ቀን ቀርቶ፣ በማግስቱ አንድ ሰው ደውሎ ‹እንዴት ነህ?› ቢለው… ለእኔ ቢደወልልኝ ኖሮ ያን ጽሑፍ አልለጥፈውም ነበር። ላስተምራችሁ አልመጣሁም። እንደኔ ያለችውን ቶሎ እንድታገኟት ነው።»

ፕሮፌሰሩ ተቀመጡ። የተረቱ ሳይሆኑ የሚያስቡ መስለው። ስለ ፈተና ቀን፣ ስለ ላቦራቶሪ፣ ስለሚያጭበረብሩ ተማሪዎች ረጅም ክርክር ሆነ። ሦስቱ ቀን ወደ ሁለት ወረደ። የአንድ ዓመት ሙከራ ተባለ። ከዚያ እጅ ወጣ። የዲን ፐንግ እጅ ዘገየ፤ ሲወጣ ግን ከፍ ብሎ ወጣ።

ጸደቀ።

ደጅ ላይ ሚንሺው አቅፋኝ አለቀሰች፤ እሷ! «ሁለት ቀን ብቻ» አልኳት። «ሦስተኛውን በሚቀጥለው ዓመት እንቀማቸዋለን» አለችና አፍንጫዋን በመሐረቤ ተናፈጠች።

ጃንዋሪ 15፣ ረቡዕ

ስታቲስቲክስ ወደቅሁ። በፈተና አይደለም፤ ከክፍል በመቅረት። አዲሱ ደንብ የሚጀምረው ከሚመጣው ወቅት ነው። አስተማሪው ሲነግሩኝ ከእኔ በላይ አዘኑ። እንደገና እመዘገባለሁ።

ዛሬ ምክር ማእከሉ ውስጥ አማካሪዬ ጋ ለሁለተኛ ጊዜ ገባሁ። ስለ ገጹ ማውራት ስጀምር፣ «እሱን ሌላ ጊዜ» አለችኝ። ያለ እሱ ምን እንደማወራ እስካሁን አላውቅም። ግን እሄዳለሁ።

እትዬ ሩይሊን ሐሙስ ሐሙስ ቁርስ ቤት ትረዳለች። ሌላውን ቀን ገና አልቻለችም። አጎቴ ሆንግ «ዕረፍቱ አለቀ?» ሲላት፣ «አላለቀም፣ አንተን ለማየት ነው የወረድኩት» አለችው። እማ በስልክ ስትነግረኝ ሁለቴ ደገመችልኝ።

ፌብሩዋሪ 17፣ ሰኞ

አዲስ ወቅት። ስታቲስቲክስ፣ ሌላ አስተማሪ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር። ከፊት ተቀመጥኩ። እንቅልፌ ግማሽ በግማሽ ተመልሷል።

አስተማሪዋ ስም ጠራች። ከእኔ ስም ትንሽ ቀጥሎ ያለውን ስትጠራ መልስ የሰጠ የለም። ደግማ ጠራች። ሁላችንም ዞር ዞር አልን። መስኮቱ ሥር አንድ ወንበር ባዶ ነው። አስተማሪዋ ኮምፒውተሯን አየች።

«ዛሬ ፈቃድ ላይ ናት» አለችና ቀጣዩን ስም ጠራች።

የሳቀ አልነበረም። ማን ናት ብሎ የጠየቀም የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ነገ አንድ ሰው ይደውልላታል።